ሞተሪኖዬን መልሱልኝ

እጄ ገና ግራሶ ነው፣ ስልኩን በትንሿ ጣቴ ነው የምነካው፤ ግን ዛሬውኑ ካልተናገርኩት አልተኛም። ዲኤክሷ፣ አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላዬ፣ ተነሳች! በ450 ብር ገመድ! ለአምስት ደቂቃ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ያወጣሁትን ብር፣ የዋልኩበትን ጋራዥ፣ የተሳቀብኝን ሳቅ ሳስበው ደሜ ፈላ።

ሁለት ወር ሙሉ እኮ ቁልቁለት ስፈልግ ነው የኖርኩት። ሌላው ሰው መኪና ሲያቆም ጥላ ያያል፣ ጥበቃ ያያል። እኔ የማየው መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ነው። አፍንጫዋን ወደ ታች፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር። ጠዋት ድንጋዩን አውጥቼ፣ ቁልፉን ከፍቼ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን እንደረገጥኩ እለቃታለሁ፤ ትንሽ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ለቀቅ። ትነሳለች። ሁሌም ትነሳለች! ይሄ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነበር። እሳት የሚሰጡት ካንዴላና ቦቢና፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ጣጣው ሞተሩን የሚያዞረው መስመር ላይ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ከጠፋች ግን አለቀልኝ። ያን ቀን ሜክሲኮ ጋ፣ በዚያ ዝናብ የገፉልኝን ሊስትሮ ልጆች ፈጣሪ ያክብራቸው፤ ብር ስዘረጋ "ተወው ብራዘር፣ ቤንዚን ቅዳበት" አሉኝ። ከኋላዬ የነበረው ባለ ትልቅ መኪና ግን ስንገፋ እያየ ክላክሱን አልለቀቀውም። ምን ላድርግለት? ልሸከማት?

ምልክቱን ታውቁታላችሁ፣ እናንተንም ስንቴ አስገፍቻችኋለሁ። ቁልፍ ሳዞር "ቀጭ"፣ በቃ። የፊት መብራቱ ግን ቦግ እንዳለ ነው፣ አይፈዝም። መጀመሪያ ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ ሰውዬ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "ባትሪ ነው" አለኝ። አዲስ ባለ 60 አምፔር ገዛሁ። ባትሪ ሲደክም እኮ ቁልፍ በተዞረ ቁጥር መብራቱ አብሮ ይደክማል! እኔ ያኔ አላወቅኩም፣ ጀማሪ ነኝ። እሱ ግን ማወቅ ነበረበት። በሦስተኛው ቀን ያው "ቀጭ"።

ሁለተኛ ወሰድኳት። "ሞተሪኖ ነው።" ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙራ የምታስነሳዋን ማለቱ ነው። ፈቶ አልፈተሸም፣ አልለካም፣ "ነው" አለ፣ ሆነ። ሶማሌ ተራ ተላኩ፣ ያገለገለ መጣ፣ ታሰረ፣ ከፈልኩ። አንድ ሳምንት ሠራችና ተመልሳ ያው ሆነች። አሁን ሲገባኝ ሞተሪኖውን ሲፈቱና ሲያስሩ የማሳውን ገመድ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰውን፣ ነካክተውት ነው ለሳምንት የያዘው። ለሳምንት! እኔ ደግሞ ዳነች ብዬ እናቴን ደብረ ዘይት ወስጃት መጣሁ። እዚያ ጠፍታብኝ ቢሆን ኖሮ እናቴን ነበር የማስገፋው።

ከዚያ በኋላ ነው ራሴ ልማር ያልኩት። ይሄ ደግሞ ሌላ ብሶት ነው፤ ለዚህ ሁሉ ጋራዥ፣ ለዚህ ሁሉ ዲኤክስ፣ ጀማሪ ቁጭ ብሎ የሚያነበው በአማርኛ አጥቼ ነው የዞርኩት። ቪዲዮው በሌላ ቋንቋ ያወራል፣ ጋራዡ ደግሞ ጣሊያን ትቶት በሄደው ቃል ያወራል። ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ማሳ። ቪዲዮው ላይ ያየሁት ዕቃና ሱቅ ሄጄ የምጠይቀው ዕቃ አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ባለ ሱቁም የሞተሩን ዓይነት "4ኬ ነው 5ኬ?" ብሎ ሲጠይቅህ ካመነታህ ዋጋው እዚያው ይቀየራል። 4ኬ ነው! 1,290 ሲሲ! ከእንግዲህ በእንቅልፌም ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ።

ብቻ ተማርኩ። ቴስተር፣ ቮልት መለኪያ፣ ተዋስኩ። ሐሙስ ማታ ታናሽ ወንድሜን ቁልፍ ላይ አስቀምጬ ለካሁ። ባትሪው በእረፍቱ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ። ቁልፍ ሲዞር 11.6፣ ጤነኛ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አደረግሁና "አዙር" አልኩት። 4 ቮልት! ሁለቱ እኮ አንድ ሊሆኑ ነው የሚገባው፣ ልዩነታቸው ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም። ሞተሪኖዋ የሚደርሳት 7 ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያ ምኑን ታዙረው?

ሌላም ነገር ነበር። አርብ ጠዋት ሞተሩ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሳለ ደጋግሜ ካዞርኩ በኋላ የቾክ ገመዱን (ሞተር ሲቀዘቅዝ ካርቡራተሩ ላይ አየር ለመቀነስ የሚሳበውን የብረት ገመድ) ስነካው ጣቴን ለበለበኝ። ያልተነሳ ሞተር ላይ ገመድ ለምን ይግላል? ኤሌክትሪኩ በዋናው ማሳ መመለስ ሲያቅተው በቀጭኗ የቾክ ገመድ እየተመለሰ ነው! ይሄ ሲገባኝ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነበር፣ ብቻዬን ነው የጮህኩት።

እና ዛሬ ጠዋት በዚህ ደስታ ነው ጋራዥ የሄድኩት። ሰውዬውን ለማሳጣት አልነበረም፣ ወላሂ። አብረን እንድናየው ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ለክቼ ነበር፣ ላሳይዎት?"

"ምን ለካህ?"

ቴስተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አየኝ፣ ቴስተሩን አየው፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ። "ኑ! ኑ! ዶክተር መጥቷል፣ ግፊት ሊለካ!"

ሳቁ። ጎማ የሚፈታው ልጅ ቸርኬው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። መኪናቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሻይ ይዛ የገባችው ልጅ ምን እንደተባለ ሳትሰማ ሳቀች።

እኔ ቀጠልኩ። ቁጥሮቹን ነገርኩት፣ ማሳው ይመስለኛል አልኩት።

"ስንት ዓመትህ ነው አንተ?"

"31።"

"እኔ ቁልፍ ከያዝኩ 32 ዓመቴ ነው። አንተ ሳትፈጠር ይቺን መኪና ፈትቼ ገጥሜያታለሁ።"

"የቾክ ገመዱም ይግላል ጋሼ፣ ሞተሩ ሳይነሳ…"

"ሞተር ይሞቃላ! ፍሪጅ መሰለህ?"

ደግመው ሳቁ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ በረጋ ድምፅ፣ ልክ ለልጅ እንደሚነገር፦ "ማሳ ቢበላሽ መብራቱ ይበራ ነበር? እስቲ ንገረኝ።"

ዝም አልኩ። አፌ ተያዘ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። "እሺ፣ የሚመስልህን ሥራ" ብሎ ሌላ መኪና ሥር ገባ፣ ጫማው ብቻ ቀረ። ከጫማ ጋር ምን ልከራከር?

መልሱ የመጣልኝ ጎተራ ስደርስ ነው፣ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ። ጋሼ፣ አዎ ይበራል! መብራቱ ማሳ የሚያገኘው ከቦዲው ነው። የእኔዋ ላይ ከባትሪው ወደ ቦዲ የሚሄደው ገመድ ደህና ነው፤ የሞተው ከቦዲ ወደ ሞተሩ የሚሻገረው ነው። ደግሞም አንድ የፊት መብራት የሚፈልገው አምስት አምፔር አይሞላም፣ ሞተሪኖ ከመቶ በላይ ይፈልጋል። በመቃ ውኃ መጠጣት ይቻላል፣ በመቃ በርሜል አይሞላም! ይሄን ነበር ማለት። ይሄንኑ!

ይሄ ሰውዬ እኮ ነው አምና ካንዴላው ሲጠቁር "ፋሻ ጨርሳለች፣ ሞተር ይውረድ" ያለኝ። እግዜር ነው ብር ያሳጣኝ። ፋሻ፣ ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት፣ ያለቀበት ሞተር ዘይት ስለሚበላ ካንዴላውን ዘይት ነው የሚቀባው፣ እርጥብ ነው። የእኔው ደረቅ ጥላሸት ነበር፣ በጨርቅ የሚጠረግ። ደረቅ ጥላሸት ማለት ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ሌላ ልጅ ነው ካርቡራተሩን አጥቦ አስተካክሎ የላከኝ። ሞተር ይውረድ! ለጥላሸት!

እና ደግሞ "ሽጣት" የምትሉኝ ዘመዶቼ፣ እባካችሁ ዛሬ አትደውሉ። ሸጬ ምን ልግዛ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ያለችው አሮጌ ሁሉ ዋጋዋ ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ። የኤሌክትሪኳን የምገዛበት የለኝም። ያለችኝ እሷ ናት። አጎቴ ከ20 ዓመት በላይ ነድቷት የሰጠኝ፣ መኪና መንዳት የተማርኩባት።

ከሰዓት ሰፈር ገፋናት፣ ካርቶን አንጥፌ ሥሯ ገባሁ። ገመዱን ሳገኘው ማመን አቃተኝ። የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ነበር፤ አረንጓዴ ዝገት ወርሶት እንደ ደረቀ ጌሾ እጄ ላይ ፍርክስክስ አለ። ከዚያ ሁሉ ሽቦ ሦስት አራት ክር ብቻ ነበር የያዘው። በ12 ቁልፍ ፈታሁ፣ ቦዲውንም ሞተሩንም የሚነካበትን ቦታ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ አዲሱን አሰርኩ። ለካሁ። 0.2! ወንድሜ ቁልፉን ገና ከመንካቱ ዝር… ብላ ተነሳች። አጥፍቶ አስነሳ። አጥፍቶ አስነሳ። አሥር ጊዜ ነው ያስነሳነው፣ ጎረቤት ወጥቶ እስኪያየን።

እሺ። እስከዚህ ድረስ ልተወው እችል ነበር። የባትሪውንም ብር ልተወው፣ አዲስ ነው፣ ይሠራል። የሞተሪኖው ነገር ግን አያስተኛኝም። የእኔ ሞተሪኖ ምንም አልነበረባትም! ከመኪናዋ ጋር ከጃፓን የመጣች፣ አጎቴ አንድ ቀን ያላስፈታት ኦሪጅናል ናት። አውልቀው ሽቦዋን ማን እንደጠቀለላት የማይታወቅ አሮጌ አሰሩልኝ። ያኔ "አሮጌዋስ?" ስል "ጥለናታል" አሉኝ፣ እኔም አመንኩ። የት ነው የሚጣለው? በውስጧ መዳብ አለ! ቆራሌው ባዶ ጠርሙስና የተቀደደ ጫማ በገንዘብ በሚገዛበት ከተማ ሞተሪኖ ማን ይጥላል? አሁን ይሄኔ የሌላ ሰው ዲኤክስ ላይ ታስራ፣ "ኦሪጅናል ናት" ተብሎ ተከፍሎባት ይሆናል። ያ ሰውዬም የማሳ ገመዱ በስብሶ ይሆናል!

ሰኞ እሄዳለሁ። የገመዱን ፍርስራሽ በፌስታል ቋጥሬ አስቀምጫለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው የማፈስለት። ብር መልስ አልለውም። ሞተሪኖዬን ነው የምለው፣ ያችኑ። ሊስቁብኝ ከፈለጉ ይሳቁ፣ ሻይዋ ልጅም ትጨመር።

ቴስተሩን ያዋስከኝ ወንድሜ፣ ነገ እመልሳለሁ ብዬህ ነበር። እስከ ሰኞ ማታ ታገሠኝ።