እሸቱን በጊዜው

በአውሮፓውያኑ ማርች ላይ ጸደይ በገባ ቁጥር መጽሔቶችና ድረ ገጾች «የወቅቱ ምርጦች» እያሉ ዝርዝር ያወጣሉ። ይህን ቅመሱ፣ ያንን ጠጡ፣ እዚያ ሄዳችሁ ተዝናኑ። ዝርዝሮቹን በፍቅር ነው የማነባቸው። ቅር የሚለኝ ግን አብዛኛው የተዘረዘረው ነገር ከጥር እስከ ጥር ከሱቅ መደርደሪያ የማይጠፋ መሆኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ ነገር የጸደይ ምርጥ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? ለእኔ የወቅት ምርጥ ማለት ካመለጠ ለከርሞ የሚቀጥር ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አለው፦ እሸት። ገና ያልጠነከረ፣ ውኃው ያልመጠጠ፣ ዛሬ ካልደረሱበት ነገ ሌላ ነገር ሆኖ የሚገኝ።

የአተር እሸትን ተመልከቱ። ቆባውን በአውራ ጣት ጫን ሲያደርጉት ይፈነዳል፤ ፍሬዎቹ እያንዳንዳቸው በቀጭን እትብት ተያይዘው ተሰልፈው ይታያሉ። ከተክሉ ከተለዩባት ሰዓት ጀምሮ ስኳራቸው ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል። ስለዚህ ትናንት እንደ ከረሜላ የጣፈጠው አተር ዛሬ አፍ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል። ማቀዝቀዣ ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እንጆሪም የዋዛ አይደለም፤ እንደ ሙዝ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም። ለሩቅ መንገድ ተብሎ ሳይደርስ የተቀጠፈ እንጆሪ በመንገድ ላይ ሊቀላ ይችላል፤ ጣፋጭነት ግን አይጨምርም።

ጀርመኖች በጸደይ የሚጓጉለት ነጭ አስፓራገስ ደግሞ አፈር ተከምሮበት ብርሃን ሳያይ ስለሚያድግ ነው ነጭ የሚሆነው። ምርቱ በልማድ ሰኔ 17፣ በአውሮፓውያኑ ጁን 24፣ በዮሐንስ መጥምቅ ልደት ዕለት ይቆማል። ቡቃያው ብቅ ማለቱን ሳያቆም፣ ገዢውም ሳይጠፋ ገበሬው ቢላውን ያስቀምጣል። ምክንያቱም ተክሉ በቀሪው በጋ ቅጠል አውጥቶ ለመጪው ዓመት ጉልበቱን በሥሩ ማጠራቀም አለበት። ይህን ልማድ እጅግ አከብረዋለሁ። ገበያው እየጠራ ይበቃል ማለት ቀላል አይደለም።

ከሁሉም የምወደው ግን የጸደይ ሻይ ነው። ክረምቱ በሚቀዘቅዝበት አገር የሻይ ቁጥቋጦ በብርዱ ወራት ያንቀላፋል፤ በዚያ ጊዜ ቲያኒን የተባለውን ንጥረ ነገር በሥሩ ያከማቻል። የመጀመሪያው ለጋ ቅጠል ይህን ስንቅ ይዞ ይወጣል፤ ለስላሳ ጣፋጭነቱም ከዚያ ይመጣል። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ቲያኒኑ ምላስ ወደሚይዘው ካቴኪን ይለወጣል። ለዚህ ነው ቻይናውያን ኤፕሪል 4 ወይም 5 ከሚውለው የቺንግሚንግ በዓል በፊት የተለቀመውን ሻይ ለብቻው የሚያስቀምጡት። ጃፓናውያን ደግሞ በጥንቱ አቆጣጠር ጸደይ ከገባበት ቀን ጀምረው 88 ቀን ይቆጥራሉ፤ ሜይ 2 ገደማ ይውላል፤ የዓመቱ አዲስ ሻይ መልቀሚያ ምልክታቸው ነው።

ሎንግጂንግ የተባለውን የቻይና አረንጓዴ ሻይ በጠራ ብርጭቆ ዘፍዝፋችሁ ካላያችሁ ሞክሩት። እባካችሁ የፈላ ውኃ አታፍስሱበት፤ መራራ ያደርገዋል። ወደ 80 ዲግሪ በረድ ያለ ይበቃል። በጋለ ብረት ላይ በእጅ ተጭኖ የተጠፈጠፈው ቅጠል መጀመሪያ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ውኃ ሲጠጣ አንድ በአንድ ይቆምና ወደ ታች ይወርዳል። እምቡጡና ጎኑ ያለችው ትንሿ ቅጠል ዛፍ ላይ እንደነበሩ ሆነው ይከፈታሉ። እኔ ይህን እያየሁ ስልኬን ረስቼ አውቃለሁ።

የአበባውም ነገር እንዲሁ ነው። የጃፓን ቼሪ ፍንድት ብሎ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ሰው ምንጣፉን ይዞ ከሥሩ ለመቀመጥ የሚሻማውም ለዚሁ ነው። በኪዮቶ ቼሪው የሚፈካበት ቀን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ812 ዓ.ም. ጀምሮ በቤተ መንግሥትና በመነኮሳት ማስታወሻዎች ላይ ሲሰፍር ኖሯል። በ2021 ማርች 26 ላይ ፈካ፤ ከ1,200 ዓመት በላይ በዘለቀው መዝገብ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከዚያ ቀድሞ የፈካበት ጊዜ አልተገኘም ነበር። ተመራማሪዎች ምክንያቱ የአየር ንብረቱ መሞቅ መሆኑን ይናገራሉ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ወቅቱን ጠብቀን ብንደርስ እንኳ ወቅቱ ራሱ ቦታውን እየለቀቀ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ረጅም ዝርዝር ከመያዝ አንድ ሁለት ነገር መርጦ በቀኑ መገኘትን እመክራለሁ። ኢራናውያን ለአዲስ ዓመት በዓላቸው ለኖውሩዝ ስንዴ ወይም ምስር በሳህን ያበቅላሉ፤ ሌሊትና ቀን እኩል በሚሆንበት በማርች 20 ወይም 21 ማዕዱ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቤተሰቡ ምግቡን ይዞ ወደ መስክ ይወጣል። ቡቃያው ያን ጊዜ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ጓሮ አይተክሉትም፣ አያደርቁትም፤ ወራጅ ውኃ ላይ ይጥሉታል።