ረሃብ ያለበት ቤት ድምፅም ያስፈልገዋል

ባለፈው ሳምንት ደሴ ቡና ላይ ነበርን። አቦሉ እንደተቀዳ ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ፣ ከዚያ ወደ ምርጫ ዞረ። አንድ ጎረቤታችን «ልጄ፣ ዲሞክራሲ ሆድ አይሞላም። መጀመሪያ እንጀራው ይምጣ» አሉኝ። ሌሎቹም ተስማሙ።

ምሬታቸው ይገባኛል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደሞዝ ግን አብሮት አልሮጠም። ሰው ኑሮ ሲከብደው ለሥርዓቱ ያለው እምነት ይሸረሸራል። በጀርመን ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኙት ድምፅ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በ1932፣ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራ ፈትቶ ሳለ፣ 37 በመቶ አገኙ።

ወሎ ተቀምጦ «እንጀራው ይቅደም» ማለት ግን ይከብደኛል። የ1965ን ረሃብ ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን አጥንቶታል። ያገኘው ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር! ገበሬው አዝመራው ጠፍቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ መግዣ አጣ። እህሉ በሚያልፍበት አገር ሰው በረሃብ አለቀ።

መጮኺያም አልነበረውም። ጋዜጣው የመንግሥት ነው፤ ፓርላማው ፓርቲ የለውም። ችግሩ ተደበቀ። ዓለም በደንብ ያየው በጥቅምት 1966፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው። ዓመት ሳይሞላ ንጉሡ ወረዱ። የሕዝቡ ድምፅ ግን አሁንም አልተሰማም። በመስከረም 1977 ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ቆረም ሰው ይረግፍ ነበር። ሁለት ሥርዓት፣ አንድ ዓይነት ዝምታ።

ህንድም ድሃ አገር ነበረች። በ1943 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ቤንጋል ውስጥ ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ። ከነፃነት በኋላ ግን እንዲያ ያለ እልቂት አልደረሰባትም። ሴን ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ጋዜጣ የሚጽፍበትና መራጭ የሚቀጣው መንግሥት ረሃብን ቸል ሊል አይችልም ይላል።

ለጎረቤቴም ይህንኑ ነገርኳቸው። ዲሞክራሲ እንፈልጋለን የምንል ሰዎችም ጥፋት አለብን። ስለ ሕገ መንግሥት ብዙ እናወራለን፣ ስለ ዘይት ዋጋ ግን ዝም እንላለን። ማዳበሪያ ለምን እንደዘገየ ገበሬው በቀበሌ ስብሰባ ሳይፈራ ይጠይቅ። ድምፅ ፍለጋ ደሴ የሚመጣ ተወዳዳሪ ደግሞ ከሁሉ በፊት ስለ ጤፍ ይመልስልን።