ያልከፈለ ደንበኛ ሲስተሙ ይቆለፍበት?

አንዲት የባሕር ዳር የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አምስት ወር ሙሉ ሳይከፍላት የቆየ የጣና ዳር ሆቴል የሚጠቀምበትን የክፍል ማስያዣ ሲስተም ዓርብ ማታ ከቤቷ ሆና ቆለፈችው። ከአንድ የሙያው አንጋፋ ጋር በዚሁ ጉዳይ ተጻጽፈዋል።

ከዓባይ ማዶ፦
አዎ ቆልፌያለሁ። ሲስተሙን ያስረከብኩት በጥቅምት ነው። «ደረሰኝ አምጪና ቼኩ ይዘጋጃል» አሉኝ። 120 ሺህ ብር ላይ 15 በመቶ ቫት ጨምሬ ቆረጥኩላቸው። ቼኩ አልመጣም። 18 ሺህ ብር ቫቱን ግን ከኪሴ ከፈልኩ፤ ደረሰኝ ከተቆረጠ ገንዘቡ ገባልሽ አልገባልሽ የሚል የለም። ከዚያ ደጅ ጥናት ሆነ። ሂሳብ ሹሟ ወልዳለች፣ ፈራሚው አዲስ አበባ ነው፣ ሰኞ ነይ። ሰኞ ሄጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሎቢው ውስጥ ተቀምጬ ስጠብቀው፣ ባለቤቱ በጓሮ በር ወደ ሐይቁ ወርዶ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄደ። በመስኮቱ አየሁት። ስለ ትዕግሥት ማንም አይምከረኝ።

ከቀበሌ 14፦
እህቴ፣ የሰው ገንዘብ ይዞ መደበቅ ነውር ነው። ግን ዓርብ ማታ? እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ሲቆም፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ምን ትበለው? ዕዳው የባለቤቱ፣ ጭንቀቱ የእሷ። ደግሞ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገ ማን ሥራ ይሰጥሻል? ሁለት ሽማግሌ ብትልኪ ኖሮ ያልቅ ነበር።

ከዓባይ ማዶ፦
«ትንሽ ከተማ ናት» ሲባል ደሜ ይፈላል ጋሼ። ከተማዋ የምትጠበው ለእኔ ብቻ ነው? ለምን እሱን አትጠበውም? ስሜ እንዳይጠፋ የምፈራው እኔ፣ በጀልባ የሚሄደው እሱ! ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ባልና ሚስት ነው። ሲሚንቶ አቅራቢው ካልተከፈለው መኪናውን አያራግፍም፤ ሽማግሌም አይልክም። የእኔ ሥራ በእጅ ስለማይዳሰስ ነው የሚለመንበት?

ከቀበሌ 14፦
ስለ ልጅቷ አንድም ቃል አልመለስሽም። እሺ፣ ሽማግሌው ይቅር፣ ሕጉን እንይ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጪ ይላል። ለዘገየ ገንዘብም በዓመት 9 በመቶ ወለድ አለሽ። በጽሑፍ አስጠንቅቀሻል? ውሉ ላይስ «ካልተከፈለ አገልግሎቱ ይቋረጣል» የሚል አለ?

ከዓባይ ማዶ፦
በቴሌግራም ስድስት ጊዜ ጽፌለታለሁ፤ አንብቦ ዝም። ወለዱንም አሰብኩት፤ በ138 ሺህ ብር ላይ የአምስት ወሩ 5,175 ብር ነው። በዚህ ዋጋ የትኛው ባንክ ነው የሚያበድረው? ቢዘገይ ይሻለዋል እኮ! ልጅቷን ካነሱ ደግሞ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ እያለቀሰች ደወለችልኝ፤ ከኋላዋ እንግዳ ሲጮህ ይሰማኛል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከፈትኩት። ብሩ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። የእርስዎ ሽማግሌዎችስ አስከፍለውዎት ያውቃሉ?

ከቀበሌ 14፦
ከፍተሽው ከሆነማ መቆለፉ እንደማይሆን አንቺም አውቀሻል። እንግዲህ ከሥሩ ያዢው። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበዪ ኮምፒውተርሽን አትክፈቺ። የቀረውን ከማስረከብሽ በፊት ተቀበዪ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው።

ከዓባይ ማዶ፦
ጥያቄዬን ዘለሉት። ለእርስዎ «ጋሼ» ብለው ቀብድ ይሰጡዎታል። እኔ ቀብድ ስጠይቅ «አታምኚንም እንዴ?» ብለው ይስቃሉ፤ በዚያው ሳምንት ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል። ስድስት ዓመት ሠርቼ አሁንም «ያቺ የኮምፒውተር ልጅ» ነኝ። ማስጠንቀቂያውን ግን ተቀብያለሁ፤ ዛሬ ጽፌ አትሜዋለሁ። ማክሰኞ ይዤው እሄዳለሁ። ሎቢው ውስጥ ግን አልቀመጥም፤ በጓሮው በር፣ ጀልባው ጋ እጠብቀዋለሁ።