ማንም ያልተቀነሰባት ከተማ

ባሕር ዳር የታደለች ከተማ ናት። ሆቴሎቿ ሠራተኛ ቀንሰዋል። ወደ ዘጌ የሚያሻግሩት ጀልባዎች ጣና ዳር ታስረው ከርመዋል። የተቀነሰ ሰው ግን አንድም የለም። የማያምን ካለ የሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቶ ያዳምጥ።

«ከቀድሞ ሥራዎ ለምን ለቀቁ?» ይባላል። አንዱ «ራሴን ለማሳደግ» ይላል። አንዷ «በቤተሰብ ጉዳይ»። ሌላው «እዚያ የምማረው ነገር ስላለቀ»። ከአንድ ሆቴል፣ በአንድ ሳምንት፣ አስተናጋጁም ወጥ ሠሪዋም ሒሳብ ሠራተኛውም ለዕድገት ተነሥተው ወጡ! እንዲህ ያለ የዕውቀት ጥማት የትም አይገኝ።

በ2012 ኮሮና መጥቶ እንግዳ እንደጠፋ ሁሉም ያውቃል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንደታወጀም እንዲሁ። ጠያቂው ያውቃል፣ ተጠያቂው ያውቃል፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳይቀር ያውቃል። ግን ጨዋ ሰው እንዲህ ያለውን አያነሣም። በተለይ ጠያቂው ራሱ ባለፈው ዓመት «ለዕድገት» ከወጡት አንዱ ከሆነ።

ቀናሾቹም ቢሆኑ ሊመሰገኑ ይገባል። አንዳንዱ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ «ተቀነሰ ከምትባል መልቀቂያ ጻፍ፤ ለስምህ ይሻላል» ይለዋል። አይ አሳቢነት! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የተቀነሰ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ በላዩ የ60 ቀን ደመወዝ። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም አለ። አምስት ዓመት ሳይሞላው በገዛ እጁ መልቀቂያ የጻፈው ግን ይህን ሁሉ ትቶ ስሙን ብቻ ይዞ ይወጣል። ስሙን ደግሞ ባለሱቁ በዱቤ መዝገቡ ላይ በክብር ያሰፍርለታል።

አልፎ አልፎ ወግ የማታውቅ ትገኛለች። በቀደም አንዷ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ለእንግዳ መቀበያ ሥራ ተጠይቃ፣ ዓይኗን ሳታሽ «ተቀነስኩ» አለች።

ኮሚቴው ተያየ።

«ምን አጥፍተሽ?»

«ምንም። እንግዳ አልነበረም።»

«ከሁሉም መሐል አንቺ የተመረጥሽበት ምክንያት ግን ይኖራል...»

«አሥራ ሁለት ነበርን የተመረጥነው።»

ይህን ብላ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን አቀረበች። የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኗ፣ ደመወዟ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ተጽፎበታል። ማን አየው! ከስሟ ትይዩ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ተብሎ ተጻፈ።

ቦታውን ያገኘው ራሱን ለማሳደግ የለቀቀው ልጅ ነው። ደመወዙ ከበፊቱ ያንሳል። ለዕድገት ነውና ቅር አላለውም።