ለክቡር ኤች-ኢንዴክስ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የክብደቴን ማነስ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ የተመራማሪ መለኪያ ቁጥር አድርጎ ሲፈጥርዎት ሐሳቡ በዋናነት የሙያ ባልደረቦቹን ለመመዘን ነበር። እርስዎ ግን በዚያ ሳይወሰኑ ባሕር ተሻግረው ድሬዳዋ ድረስ በመዝለቅ፣ ዕድሜውን የወባ ትንኝ እጭ ከበርሜል በጭልፋ ሲቀዳ የፈጀውን እኔንም መመዘን ይዘዋል።

በእርስዎ ሚዛን 7 ነኝ። ትርጉሙን ለእናቴ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ በሌሎች ጥናቶች ውስጥ ቢያንስ ሰባት ሰባት ጊዜ የተጠቀሱ ሰባት ጽሑፎች አሉኝ፣ ስምንት ስምንት ጊዜ የተጠቀሱ ስምንት ግን የሉኝም ማለት ነው አልኳት። «አንዱ መቶ ጊዜ ቢጠቀስልህስ?» አለችኝ። ያው እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ትርፉ ይደፋል ስላት፣ ከፊራ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ የኖረችው እናቴ፣ ትርፉን ለምርቃት እንኳ ሳያስቀር የሚደፋ ሚዛን አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ሚዛን ከተነሣ ዘንድ፣ ጥቅስ ከሚቆጥሩት የኢንተርኔት መዝገቦች ጎግል ስኮላር ላይ ሲታዩ ይፋፋሉ፣ ስኮፐስ ላይ ሲታዩ ይከሳሉ። ከፊራ ውስጥ ሁለት ሚዛን የያዘ ነጋዴ ጉድ በፈላበት ነበር፤ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው ግን እኔ ስቀርብ የከሳውን፣ ሊቀ መንበሩ ሲቀርቡ የፋፋውን ያነባል። ጠባይዎ ቀድሞ የገባው አንድ ባልደረባዬማ ስሙ ከጸሐፊዎቹ ዝርዝር 23ኛ ተራ ላይ በሰፈረባቸው ጽሑፎች ተንደላቆ ይኖራል። ማን ትንኝ እንደያዘ፣ ማን ማኪያቶ እንደጠጣ አይጠይቁምና። በየጽሑፉም የራሱን የቀድሞ ሥራዎች ይጠቅሳል (በሰፈራችን ራሱን በራሱ የሚመርቅ ሽማግሌ እስካሁን አላጋጠመኝም)።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገኘች ወዲህ፣ ወባ የገጠርና የክረምት ማግስት በሽታ ነው የሚለው የቆየ እምነት ተናግቷል፤ በ2022 ድሬዳዋን በደረቁ ወራት የመታው ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። ይህች ትንኝ ረግረግ ፍለጋ አትደክምም፤ ቧንቧው ሲደርቅ እንዳንቸገር ብለን በየግቢያችን ውኃ በሞላንበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። እኔም «እማማ፣ እባክዎ በርሜሉን ይክደኑልኝ» እያልኩ ከቤት ቤት ስዞር ከረምኩ። ብዙ እናቶች ከደኑ፤ አንዳንዶቹም ቡና አፍልተው ከነጎረቤታቸው አስተማሩልኝ። ይሁንና አንዳቸውም በግርጌ ማስታወሻ አልጠቀሱኝም፤ ስለሆነም በእርስዎ መዝገብ እነዚያ በርሜሎች ሁሉ ዛሬም ክፍት ናቸው።

አንድ መልካም ጠባይዎን ልሸሽግ አልችልም፦ አንዴ ከጨመሩ ወዲያ አይቀንሱም፤ እኔ ከሞትኩም በኋላ ማደግ ይችላሉ። ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱ ለተዝካሬ እንዲደርስልኝ በትሕትና እያመለከትኩ፣ ለድግሱ የሚቀዳው ውኃ ከየት በርሜል እንደሚመጣ ግን አስቀድመው እንዲያጣሩልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
7

ግልባጭ፦
ለሳቢያን ሰፈር በርሜሎች በሙሉ