ሞተር አጥፍቶ ሰላም የሚል ልጅ

ደሴ ላይ መኪና መሄድ መቻሏ ብዙም አያስመሰግናትም። ቁልቁለቱ ራሱ ይወስዳታል። ቁምነገሩ መቆም መቻሏ ነው። ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ድረስ ነድተህ የምታውቀው ሰው ካላጋጠመህ ሌላ ከተማ ገብተሃል ማለት ነው። ያገኘኸውን ሰው ደግሞ በጥሩምባ ብቻ ሸኝተኸው ካለፍክ፣ ክሱ ከአንተ ቀድሞ እናትህ ዘንድ ይደርሳል። "ያ ልጅሽ መኪና ቢይዝ ጊዜ ሰው አላይ አለ" ትባላለች።

ስለዚህ ትቆማለህ። መስታወት ዝቅ ታደርጋለህ። "እንዴት ዋልክ? ቤቱ ሰላም ነው? የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነ? ብርዱስ እንዴት ያዛችሁ?" ይቀጥላል። የወሎ ሰላምታ በአንድ ትንፋሽ አያልቅም።

የእኔ ዲኤክስ ኮሮላ የምትጠፋው እዚህ መሀል ላይ ነው። ስትሄድ ምንም አይላትም። ልክ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ጭጭ። ማታ ጉም ወርዶ የፊት መብራት ካበራሁማ ይብስባታል። ለመብራቱ ኃይል የሚያመነጨው ዲናሞ ተጨማሪ ሸክም ይሆንባታል። መካኒኮች "ሚኒሞ አልያዘችም" የሚሉት ይህን ነው። ጤነኛ ትንሽ ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ እየዞረ ጨዋታው እስኪያልቅ ይጠብቅሃል። የእኔዋ ትዕግሥት የላትም።

"ሽጣትና ሌላ ግዛ" የሚል መቼም አይጠፋም። በምን ልገዛ? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ካገደ ወዲህ የድሮ መኪና የያዘ ሰው ርስት የያዘ መስሎታል። እዚህ አገር ስታረጅ የምትወደድ መኪና ናት ያለችው።

ደግሞ መጥፋቷ ለእኔ ክፉ አልነበረም፤ ሐሜት ካልሆነብኝ ልናገር። ሰዉ እኔ በአክብሮት የማጠፋት መስሎታል። "ተመልከቱ፣ ሞተር አጥፍቶ ነው ሰላም የሚል! የማን ልጅ ነው?" ይላሉ። በዚህ ምክንያት ስሜ አማረ። የሰፈራችን አንድ አዛውንት ለልጃቸው ጋብቻ ከሚልኳቸው ሽማግሌዎች ጋር ደርበው ላኩኝ። በዕድሜ ትንሹ ሽማግሌ እኔ ነበርኩ። ጨዋነቴን የመሰከረልኝ የተበላሸ ሞተር ነው።

አንድ ቀን ግን ዳገት ላይ፣ ከኋላዬ ባጃጆች ተደርድረው ጠፋችብኝ። ደሴ ላይ ኮፈን ከፍተህ ብቻህን የምትቆምበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። የባጃጁ ሹፌር ወርዶ ሳያይ "ካንዴላ ነው" አለ። ለባጃጅ ሹፌር ሁሉም ነገር ቤንዚኑን የምትለኩሰዋ ካንዴላ ናት። ባለሱቁ "በጀሪካን የሚሸጡትን ቀድተህ ነዋ፣ ውሃ አለበት" አለ። ጀሪካኑን ከማን እንደገዛሁም ሊነግረኝ ትንሽ ቀረው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረብ አሉና "ዓይን ነው ልጄ፣ እጣን አጭስባት፤ አብሽር" አሉኝ። አንዱ ደግሞ ካቻቢቴ ከኪሱ አወጣ። ካቻቢቴ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ምን ሥራ እንዳለው አልጠየቅኩም። የሚኒሞዋን ቡሎን አጠበቀና "በቃ፣ ተፈወሰች" አለ። እውነትም አልጠፋችም። እንደ ወፍጮ ቤት ማጓራት ጀመረች እንጂ። ሚኒሞ ከፍ ማድረግ በሽታውን መደበቅ ነው፤ ያውም በውድ ነዳጅ።

ከሁሉም ደህና የተናገሩት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ጨው ከአሰብ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁንም ስለ መኪና ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል። "መጨረሻ ያሠራሃት የት ነው?" አሉኝ።

"ኮምቦልቻ፣ አባባ።"

"አዬ! ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ኮምቦልቻ ላይ ተስተካክሎ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ይደናገራል። ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወጣው። እዚህ አየሩ ሳስቷል፤ ካርቡራተሩ ይህን በምን ያውቃል? የለመደውን ቤንዚን ያንቆረቁርባታል፣ ታፍናለች። የደሴን መኪና ደሴ ላይ አሠራ።"

ነገሩ እውነት ነው። የኋለኞቹ ባለ ኮምፒውተር መኪኖች አየሩን እየለኩ ቤንዚኑን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ካርቡራተር ግን ካቻቢቴ የያዘ ሰው ይፈልጋል፤ በሽታውን ያወቀ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

በመጨረሻ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ መካኒክ እኛ ቤት ድረስ አመጣሁ። ኮፈኑን ከፈተና "ሞተሩ ይብረድ" አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ቄጠማ ጎዘጎዘች። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካው ላይ ምርቃቱ ረዘመ። ሞተሩ በረደ ብቻ አይደለም፣ ጤዛ ሊይዝ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ አስነሳትና ጆሮውን አዘነበለ። ስንጥቅ የአየር ቱቦ ካለ ያፏጫል። ጥርጣሬ ያሳደረበትን መገጣጠሚያ ሁሉ በሳሙና ውሃ አረጠበ፤ አየር የሚስብ ቀዳዳ ቢኖር የሞተሩ ድምፅ ይለወጥ ነበር። አልተለወጠም። ቁልፉን አጠፋና እንደገና ከፈተ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ። ከካርቡራተሩ ጎን የተሰካች አንዲት ቀጭን ሽቦ ነቀለና መልሶ ነካ አደረጋት።

"ሰማህ?"

"ምን?"

"እኔም አልሰማሁም። ቀጭ ማለት ነበረባት።"

ለካ በሚኒሞ ጊዜ ቤንዚን የሚያልፈው በአንዲት ጠባብ መንገድ ነው። የዚያች መንገድ በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ካልደረሳት ዝግ ናት። እግርህን ስትጭን ቤንዚኑ በሌላ ሰፊ መንገድ ስለሚመጣ መኪናዋ ትሮጣለች። እግርህን ስታነሳ ያቺው ዝግ በር ናት የምትጠብቃት። የሽቦዋ ጫፍ ላልቶ፣ ዝጎ ነበር፤ አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም። በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ በፒንሳ ጠበቅ አደረገው፣ ነካ አደረገው። ቀጭ አለች። ሚኒሞዋን ወደ ቦታዋ መለሰ። ሒሳብ ስጠይቀው "ቡናውን ጠጥቼ?" ብሎ ተቆጣኝ። በግድ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።

በማግስቱ ፒያሳ ላይ ሽማግሌ አድርገው የላኩኝን አዛውንት አገኘኋቸው። ቆምኩ። መስታወት ዝቅ አደረግኩ። ዲኤክሷ ሳትንቀጠቀጥ እያንጎራጎረች ቆመች። አዛውንቱ ኮፈኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ምነው ልጄ፣ ዛሬ ቸኩለሃል እንዴ?"

"ኧረ የለም፣ አባባ" አልኩና ቁልፉን አጠፋሁት።