«ብረት ያው ብረት ነው»? ድስትዎን ይጠይቁ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሬዲዮ የሳይንስ ፕሮግራም ስሰማ ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። እንግዳው ስለ ምድር እምብርት ሲያወሩ «ጠጣሩ የውስጥ እምብርት ዕድሜው ከ1 ቢሊዮን ዓመት በታች መሆኑ ተረጋግጧል፤ ክርክሩ አልቋል» አሉ። አዘጋጁ እምብርቱ ንጹሕ ብረት አለመሆኑን ሲያነሳባቸው ደግሞ ሳቅ አሉና «ብረት ያው ብረት ነው፤ ትንሽ ነገር ቢቀላቀልበት ምን ይለውጣል?» ብለው አለፉት።

ምን ይለውጣል? እስቲ ኩሽና ይግቡ። ንጹሕ ብረት በክፍል ሙቀት 80 ዋት በሜትር በኬልቪን ያህል ሙቀት ያስተላልፋል። 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ሲቀየጥበት የማይዝገው ስቴይንለስ ስቲል ይሆናል። ያኔ ቁጥሩ ወደ 15 ይወርዳል። አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም! ኤሌክትሪክን የመከላከል ባሕርይው ደግሞ ሰባት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በስስ ስቴይንለስ ድስት ሽንኩርት ያቁላላ ሰው ይህን ያውቃል። መሃሉ ያርራል፣ ዳር ዳሩ ጥሬ ነው። ደህና ድስት ሠሪዎች ከሥሩ አሉሚኒየም የሚለብጡት ለጌጥ መሰላችሁ? በብረት ውስጥ ሙቀቱንም ኤሌክትሪኩንም በዋናነት የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ባዕድ አቶም መንገዳቸው ላይ ሲገተር ይጋጫሉ፣ ይበተናሉ። እናቴ ፊዚክስ አልተማረችም፤ የትኛው ድስት እንደሚያሳርር ግን ጠንቅቃ ታውቃለች።

የምድር ፈሳሽ እምብርት ጥግግቱ ከንጹሕ ብረት 10 በመቶ ያህል ያንሳል። ሲሊከን፣ ኦክስጅን፣ ድኝ፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅን ከሚባሉት ቀላል ነገሮች የተወሰኑት ገብተውበታል ማለት ነው። የትኛው ስንት እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። ቅመሙ ሳይታወቅ በወጡ ጣዕም ይማላል እንዴ?

«እዚያ ባለው ግለት የባዕድ አቶሞች ጫና ይቀንሳል» የሚል መልስ አለ። እሺ፣ ይቀንሳል። አይጠፋም ግን።

ወደ «ተረጋግጧል» እንምጣ። እምብርቱ ሙቀት በደንብ የሚያስተላልፍ ከሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጠጣሩም ክፍል ወጣት ይሆናል። የእንግዳው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህች «ከሆነ» ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኮምፒውተር ስሌቶች የእምብርቱን ሙቀት የማስተላለፍ ቁጥር ከቀድሞው ግምት ከ2 እስከ 3 እጥፍ አደረሱት። በ2016 ግን ኔቸር መጽሔት ላይ ሁለት ጥናቶች በአንድ ቀን ወጡ። የኬንጂ ኦህታ ቡድን ብረትን በአልማዝ መሃል ጨምቆ የኤሌክትሪክ መከላከሉን ለካ። ከዚያ በ1853 ቪደማንና ፍራንዝ ባወጡት፣ የብረትን ኤሌክትሪክና ሙቀት ማስተላለፍ በሚያያይዘው ሕግ ወደ ሙቀት መነዘረው፤ ለእምብርቱ ቅይጥ 90 አካባቢ ደረሰ። የዙዛና ኮኖፕኮቫ ቡድን በሌዘር እያጋለ የሚተላለፈውን ሙቀት ራሱን ተከታተለ። ያገኘው ከ18 እስከ 44 ነው። አንዱ የሌላው እጥፍ በሆነበት ቀን ማን ነው ክርክሩን የዘጋው? ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ።

እኔ የማምነው ሙቀቱን የተከታተለውን ነው። ዘርዝሮ መመንዘር መለካት አይደለም። «እነ ኮኖፕኮቫም የሞከሩት በንጹሕ ብረት ነው» ትሉኝ ይሆናል። አዎ! ታዲያ ቅይጥ ሲጨመርበት ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ ይወጣል?

ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው የምንለው የኛም ወገን አፍሮ ያውቃል፣ አልክድም። በ2015 የኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ግጭት ቁጥሩን ያወርደዋል ያለ ጥናት በዚያው ኔቸር ወጥቶ ጨፍረን ነበር። ስሌቱ ስሕተት ሆኖ በ2016 ጥናቱ ከመጽሔቱ ተሳበ። ቢያንስ የሳቡት ሰዎች «አልቋል» አላሉም።

እንግዳው ዳግም ከመጡ አዘጋጁ አንድ ነገር ይጠይቅልኝ። ሲሊከኑን ስንት በመቶ አድርገው ነው ያሰሉት? ሳቁን ትተው ቁጥሯን ይንገሩን።